ሌጋኔስ፦ ችግኙ የት ይተከል?

ሌጋኔስ ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል። ከፊሊፒንሷ ኢሎይሎ ከተማ በጂፕኒ (የአገሩ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና) ወደ ሰሜን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገሬው አጠራር ካቱንጋን የሚባለው የማንግሮቭ (ጨዋማ የባሕር ዳርቻ ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ) ደን ያንሰራራው ዓሣ ሲረባበት ቆይቶ በተተወ ኩሬ ላይ ነው።

ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ የአካባቢ ትምህርት በሁሉም የትምህርት ደረጃዎች እንዲሰጥ አዛለች። ማንግሮቭ ሞገድ እንደሚያበርድና ለዓሣ ጫጩት መጠለያ እንደሚሆን ተማሪዎች ያውቃሉ። የሚጎድለው የትኛው ዝርያ የት ቦታ ይጸድቃል የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ጭቃው ላይ ሳይቆሙ መማር ያስቸግራል።

ባክሃው የሚባለው የማንግሮቭ ዝርያ ለተማሪ እጅ የተመቸ ነው። ፍሬው እናት ዛፉ ላይ እንዳለ በቅሎ እንደ አረንጓዴ ዱላ ይንጠለጠላል፤ ክንድ የሚያህልም አለ። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ሲሶውን ጭቃ ውስጥ መሰካት ብቻ ነው። ዶማም የችግኝ ከረጢትም አያሻም። ፊሊፒንስን ከመታው አውሎ ነፋስ ሃያን (እ.ኤ.አ. 2013) በኋላ ለተከላ የወጣው ሕዝብ ይህንኑ ይዞ መውጣቱ አያስገርምም።

ችግሩ ቦታው ነው። ከፍ ያለውን መሬት የዓሣ ኩሬዎች ስለያዙት ተከላው ወደ ዝቅተኛው ዳርቻ ይገፋል። እዚያ ችግኙ ውሃ ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ ሥሩ አየር ያጣል፤ ቅርፊት ለባሽ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ግንዱ ላይ ተለጣጥፈው በክብደታቸው ያጎብጡታል፤ የቀረውን ሞገድ ይነቅለዋል። የባሕር ሣር ላይ ሲተከል ደግሞ ሌላ ሕያው መኖሪያ ይጠፋል። ፊሊፒናዊቷ ተመራማሪ ፕሪማቬራ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ከተተከለው በረጅም ጊዜ የሚተርፈው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር እያንዳንዱ የተከላ ቡድን ፍሬ ከመልቀሙ በፊት ቢሰማው እንወዳለን።

ከተከላው በፊት ሜትር የተሰመረበት እንጨት ቸክሎ ውሃው የት እንደሚደርስና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከቀንና ሌሊቱ ሲሶ በላይ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ለባክሃው አይሆንም። ወደ ባሕሩ ፊት ለፊት በተፈጥሮ የሚቆሙት ቡንጋሎን፣ ፒያፒና ፓጋትፓት የሚባሉት ሌሎች የማንግሮቭ ዝርያዎች ናቸው። ቡንጋሎን እርሳስ በሚያህሉ፣ ከጭቃው ቀጥ ብለው በወጡ የመተንፈሻ ሥሮቹ ይለያል። ዘሩ ትንሽ ስለሆነ እንደ ባክሃው አይሰካም፤ ወይ በችግኝ ጣቢያ ይፈላል፣ ወይ ከዛፉ ሥር የበቀለው ቡቃያ ከነአፈሩ ጓል ተነስቶ ይዛወራል።