የፈተና ማስክ፦ ለአፍንጫው ስንጨነቅ ጆሮውን ረሳነው

ተማሪ ማስክ አድርጎ ይፈተን አይፈተን የሚለው ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ትንፋሽ ነው። ልጁ ይታፈናል፣ ራሱን ያመዋል፣ መነጽሩ ይደበዝዛል ይባላል። የሞዴል ፈተና አስተባባሪ ሆኜ ስዘጋጅ እኔም የተጨነቅኩት ለዚሁ ነበር። ፈተናውን ያበላሸብኝ ግን ድምፅ ነው፤ ለዚያውም የፈታኙ ማስክ እንጂ የተማሪው አይደለም። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

አቋሜን ላስቀድም። በሽታ በሚዛመትበት ጊዜ ተማሪ ማስክ አድርጎ መፈተን አለበት። ያኔም ብያለሁ፣ አሁንም አልተውኩትም። ነገር ግን ማስክን እንደ ዩኒፎርም ቆጥሮ «አድርጋችሁ ኑ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ መቀመጥ አይሆንም። ማስክ ሲገባ የሰዓቱ አያያዝ፣ የፊት ፍተሻው፣ የገለጻው አሰጣጥ፣ የወረቀቱ አሰባሰብ አብሮ መለወጥ አለበት። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለውጠን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እንደ ድሮው ተውናቸው።

ጊዜው 2013 ነው። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ከተዘጉ በኋላ በጥቅምት 2013 ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ቅድሚያ ያገኙት የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነበሩ። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ ማስክም ግዴታ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የተሰጠው በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ 2013 ነው፤ የእኛ ሞዴል ከዚያ ቀድሞ ነበር። 300 ተማሪ፣ 15 ክፍል፣ በክፍል 20።

አቀማመጡ ቀላል ነው። 7 በ8 ሜትር በሆነ ክፍል ከፊት 2 ሜትር ለፈታኙ ትታችሁ፣ ኮምባይን ዴስኮቹን በ4 ረድፍ አምስት አምስት ደርድሩ። በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ። የፊተኛው በግራ ጫፍ ከተቀመጠ ከኋላው ያለው በቀኝ ጫፍ ይቀመጥ፤ ዴስክ ሳይቀነስ ርቀቱ ይጨምራል፣ መገልበጥም ይከብዳል። መስኮት ይከፈት። በተከፈተ መስኮት ነፋስ መልስ መስጫ ወረቀት ስለሚወስድ በየዴስኩ አንድ አንድ የታጠበ ጠጠር አስቀምጡ። ተሳቀብን፤ ከ2ኛው ቀን በኋላ ግን ጠጠር ያልደረሰው ልጅ እጁን እያወጣ ይጠይቅ ነበር።

የማስክ ሒሳብ፦ 50 ፍሬ ያለው አንድ ፓኬት ለአንድ ክፍል ለአንድ ቀን ይበቃል። ለ20 ተማሪ የጠዋትና የከሰዓት 40፣ ለሁለት ፈታኞች 4፣ መጠባበቂያ 6። «ከቤታቸው ያደረጉት ይበቃል» የሚል የበላይ ካለ አትስሙት። ልጁ ከታክሲ ወርዶ፣ በፀሐይ ሄዶ፣ በር ላይ ተሰልፎ ሲደርስ ያደረገው ማስክ በላብና በትንፋሽ ርሷል፤ የረጠበ ማስክ ደግሞ አየር በደንብ አያሳልፍም። «ታፈንኩ» ከሚሉት ውስጥ አብዛኞቹ አዲስ ሲቀየርላቸው ዝም ይላሉ። ሌላም ጥቅም አለው። ከቤት በመጣ የጨርቅ ማስክ ድርብ መሐል የተጣጠፈች ወረቀት ትገባለች። በር ላይ የራሱን አስወልቃችሁ ወደ ቦርሳው፣ የእናንተን ፊቱ ላይ ካደረጋችሁ ወረቀቷም አብራ ወደ ቦርሳ ትሄዳለች።

የሙቀት መለኪያው ግንባር ላይ የሚያነብ ከሆነ ከፀሐይ የመጣን ልጅ ወዲያው አትለኩ። የሚለካው የቆዳን ሙቀት ነው፤ ጤነኛውን ልጅ ከ37.5 በላይ ያሳያችሁና ለምንም ሳይሆን ታስደነግጡታላችሁ። ጥላ ውስጥ 10 ደቂቃ አቁማችሁ ድገሙት።

ፊትን ከአድሚሽን ካርዱ ፎቶ ጋር ማመሳከር ዋናው በር ላይ አይሁን። ማስክ ዝቅ ማድረግ፣ ማየት፣ መልሶ ማድረግ ለአንድ ልጅ 10 ሰከንድ ይወስዳል። 300 ልጅ በአንድ በር 50 ደቂቃ ነው፤ ለዚያውም ሁሉም አንድ ቦታ እየቆመ ማስኩን የሚያወርድበት 50 ደቂቃ። በየክፍሉ በር ከተደረገ 20 ልጅ ከ4 ደቂቃ በታች ያልቃል። ኒቃብ ለሚለብሱ ተማሪዎች ሴት ፈታኝና የተከለለ ቦታ ከዋዜማው ይዘጋጅ፤ በዕለቱ ጠዋት በር ላይ ሴት ፈታኝ ፍለጋ መሯሯጥ ልጅቷን ያሸማቅቃል።

ሳኒታይዘሩን ከወረቀቱ በፊት ስጡ፤ እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም ወረቀት አይታደል። እርጥብ ጣት ያረፈበት መልስ መስጫ ይሸበሸባል፣ የጠቆረውም ርሳስ ይላቆጣል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት አራሚ ማሽን ሲገባ ችግር ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በወረቀት ላይ እንደተጻፈው ሄደ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው እስካሁን የሚያበሳጨኝ።

ፈተናው እንደ አገር አቀፉ ቡክሌቱ ኮድ ነበረው። ጥያቄዎቹ አንድ ሆነው ቅደም ተከተላቸው የተለያየ አራት ቡክሌት፦ 11፣ 12፣ 13፣ 14። ተማሪው በራሱ ቡክሌት ሽፋን ላይ ያለውን ኮድ አይቶ መልስ መስጫው ላይ ያጠቁራል። ኮዱን ከሳተ በሌላ ቡክሌት ቁልፍ ይታረማል፤ የሠራው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

በዋዜማው ለፈታኞች በሰጠሁት ኦረንቴሽን፣ ወጥነት ይኑረው ብዬ፣ ሁሉም ፈታኝ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ምሳሌ እንዲጽፍ አደረግሁ። «የቡክሌት ኮድ 11»፣ ከሥሩ ደግሞ የሚጠቁሩት ክቦች ሥዕል። «ይህ ምሳሌ ነው፤ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሽፋን እዩ» የሚለው ግን በቃል የሚነገር ነበር። በቃል! የሚታየውን ስሕተት ሰሌዳ ላይ፣ ማስተካከያውን አየር ላይ አስቀመጥኩት ማለት ነው።

ያን አየር ደግሞ በሦስት ነገር ዘግተነው ነበር። አንደኛ፣ ርቀቱ፦ ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ዴስክ 7 ሜትር ግድም። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ የአስፋልቱ ጥሩምባና የሚኒባስ ረዳት ጩኸት ከፈታኙ እኩል ይሰማል። ሦስተኛው ማስኩ። ማስክ ድምፅን እኩል አይቀንስም፤ የሚበላው ቀጭኑን ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ይጠፋሉ፣ አናባቢው ይቀራል። ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም፤ የሰማ ስለሚመስለውም እጁን አያወጣም። ወፍራም የጨርቅ ማስክ ከተራው የሕክምና ማስክ ይብሳል። ከሁሉም የሚብሰው የፕላስቲክ ፌስ ሺልድ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ተናጋሪው ይመልሰዋል። የእኛ ፈታኞች ማስክም ሺልድም ደርበው ነበር። ሺልዱን «ለተጨማሪ ጥንቃቄ» ብዬ ያስገዛሁት እኔው ነኝ።

አንዲት ልምድ ያላት ፈታኝ ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ሺልዱን አንስታ ማስኩን ዝቅ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ለቁጥጥር የተላከው ሰውዬ በተማሪዎቹ ፊት ገሠጻትና አስለበሳት። በእጁ የያዘው ቅጽ ላይ ማስክ፣ ሳኒታይዘር፣ ርቀት የሚሉ ሣጥኖች አሉ፤ መቶ በመቶ ሞልቶልን ሄደ። ተማሪው መመሪያውን ሰምቷል ወይ የሚል ሣጥን አልነበረውም። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ።

ስሕተቱ የታየው እርማት ላይ ነው። የምናርመው ቀዳዳ ባለው የመልስ ቁልፍ ነበር። 60 ጥያቄ፣ አራት አራት ምርጫ፤ ሳያነብ በጭፍን የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ 15 ያገኛል። ከኮድ 11 ክምር ውስጥ ጎበዝ ተብለው የሚታወቁ ልጆች 13፣ 16፣ 14 ይዘው መውጣት ጀመሩ። ክምሩን ብንቆጥረው የኮድ 11 መልስ መስጫ ከታደለው የኮድ 11 ቡክሌት በብዙ ይበልጣል። ወረቀቶቹን በመቀመጫ ቁጥር ስንደረድር አብዛኞቹ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዴስኮች የመጡ ናቸው። በሁሉም ክፍል ማለት ይቻላል፤ ምሳሌውን አንድ ዓይነት ያደረግሁት እኔ ነኝና ስሕተቱም አንድ ዓይነት ሆነ።

ለማዳን የሞከርነውን ልንገራችሁ፤ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ቡክሌትና መልስ መስጫ በመቀመጫ ቅደም ተከተል አብረው የተሰበሰቡባቸው ክፍሎች በአንድ ከሰዓት ተስተካከሉ፤ የልጁን ቡክሌት አይቶ ኮዱን ማረም ነው። ለየብቻ ተሰብስበው በተደባለቁባቸው ክፍሎች ግን ያለን አማራጭ አራቱንም ቁልፍ መሞከር ብቻ ነበር። ጎበዙ ልጅ በአንዱ ቁልፍ 44፣ በሌሎቹ 15 ግድም ስለሚያመጣ የእሱ ግልጽ ነው። ደከም ያለው ልጅ ግን 20፣ 17፣ 16፣ 19 ያመጣል። የትኛው ነው የእሱ? ትልቁን እንስጠው ቢባል አድልዎ ነው፤ ትንሹን ቢባል ግፍ። እነዚያ ልጆች እንደገና ተፈተኑ። ሁለት ጊዜ የተቀጣው ድጋፍ ያስፈልገው የነበረው ልጅ ነው።

ያ ተቆጣጣሪ ሲነገረው «ታዲያ ለምን ጮክ ብለው አላነበቡም?» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማስክ ውስጥ መጮህ ከፍ የሚያደርገው አናባቢውን ነው፤ የጠፉትን ተነባቢዎች አይመልስም፣ ትንፋሽን ግን የበለጠ ይረጫል። ከሳምንት በኋላ «ፈታኞች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ሰሌዳ ላይ እውነተኛ ኮድ አይጻፍም፤ ምሳሌ ካስፈለገ በምንም ቡክሌት ላይ የሌለ 99 ይጻፋል። የገለበጠው ልጅ ሲሰበሰብ ወዲያው ይታያል። ከላዩ ሰሌዳው በሚችለው ትልቅ ፊደል «የራስህን ሽፋን እይ»። ስድስት መስመር የማይሞላ መመሪያ ታትሞ ቡክሌቱ ከመታደሉ በፊት በየዴስኩ ይቀመጣል፤ ይህ ከንፈር እያዩ ለሚረዱ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ቀድሞም ሊደረግ ይገባው የነበረ ነው፤ ፈታኞቹ ማስክ ሲያደርጉ እነሱ ከሁሉም በላይ ተዘግተዋል። ሺልድ ቀርቷል። አንባቢው ፈታኝ ተራ የሕክምና ማስክ ያደርጋል፣ በሚነበብበት ጊዜ ብቻ በመንገድ በኩል ያለው መስኮት ለ3 ደቂቃ ይዘጋል። ሁለተኛው ፈታኝ ከመጨረሻው ዴስክ ኋላ ቆሞ እጁን ካላነሣ ንባቡ አይቀጥልም። እሱ ካልሰማ ልጆቹም አልሰሙም።

መመሪያው የማይወደውንም አደርጋለሁ። መስማት የተሳነው ተማሪ ባለበት ክፍል አንባቢው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ማስኩን አውርዶ ያንብብ እላለሁ። የተጨነቀ ልጅ ሲኖር ደግሞ በር ላይ ወጥቶ ለአንድ ደቂቃ ማስኩን አውርዶ ይተንፍስ፤ ደቂቃዋ በመጨረሻ ትጨመርለታለች። ይህን የከለከለ ክፍል ውስጥ ልጆች ማስኩን ከአፍንጫ በታች አድርገው ሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ቅጹ ላይ ግን «አድርገዋል» ይባላል።

ለመነጽር ለባሾች የማስኩ ሽቦ አፍንጫ ላይ በደንብ ተጫኖ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር የቁስል ፕላስተር ይለጠፍ፤ ጉሙ የሚመጣው በዚያ ቀዳዳ ወደ ላይ ከሚወጣው ሞቃት ትንፋሽ ነው። አስም ያለበት ልጅ መስኮት ሥር ይቀመጥ እንጂ ብቻውን ሌላ ክፍል አይታጎር።

«ሌላው ዓለም ምን አደረገ?» ለሚሉ፦ ቻይና ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. በሰጠችው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ሥጋቱ ዝቅተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ተፈታኙ ክፍል ውስጥ ማስክ ማድረጉን ለራሱ ምርጫ ተወች። ደቡብ ኮሪያ በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 3 ማስክም አስገደደች፣ ዴስክ ላይም የፕላስቲክ መከለያ አቆመች። ሁለቱም የወሰኑት በየአካባቢያቸው የነበረውን ሥርጭት አይተው ነው። የእኛ ክፍል የራሱ መስኮት፣ የራሱ አስፋልት አለው።

መጨረሻ ላይ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ማንም አይነሣ። ፈታኙ ከኋላው ዴስክ ጀምሮ መልስ መስጫውን ቡክሌቱ ውስጥ አስገብቶ በአንድነት ይውሰድ፣ ሲወስድም የሽፋኑንና የመልስ መስጫውን ኮድ ያመሳክር። ለአንድ ልጅ 5 ሰከንድ ቢወስድ ለ20 ልጅ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ኮዱ ካልገጠመ ልጁ እዚያው ነው፣ ርሳሱም ላጲሱም በእጁ ነው።