ዳስተር፦ ከጥቁር ሰሌዳ እስከ እርሻ አውሮፕላን

ዳስተር ሲባል አገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው ትዝ የሚለው። እጅ የሚሞላ እንጨት፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ጨርቅ የተለጠፈበት። ጨርቁ ካለቀ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ በምስማር ይመታበታል፣ እሱም ከጠፋ የፍራሽ ስፖንጅ ይበቃል። ሰሌዳ ማጥፋት የሞኒተሩ ሥራ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሁለት ዳስተር ይዞ ይወጣና እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፣ ወይም ግድግዳ ላይ እየመታ ያራግፋቸዋል፣ ነጩ ብናኝ ቡን ብሎ ፀጉሩ ላይ፣ ሹራቡ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ያርፍበታል። ብናኙ ጄሶ ነው፤ ጠመኔ የሚሠራው ከሱ ነውና።

የእንጨቱ ጎን ደግሞ ሌላ አገልግሎት ነበረው። አምስት ጣቱን ሰብስቦ ወደ ላይ እንዲያቀና የታዘዘ ልጅ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል። ያኔም ልክ አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ይህ ስም ግን ከክፍላችን ውጪ ብዙ ቦታ ነው ያለው። ዳስተር የሚባል ካፖርት አለ፣ መኪና አለ፣ መድፍ አለ፣ የባሕር ትል አለ፣ የካሊፎርኒያ የሮክ ባንድ አለ፣ አውሮፕላን አለ። የሁሉም ነገር መነሻው አቧራ ነው። ግን አንዱ አቧራ ያነሳል፣ አንዱ ከአቧራ ያድናል፣ አንዱ ራሱ አቧራ ነው። እኔን በጣም የያዘኝ አውሮፕላኑ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሌሎቹን በጥቂቱ ልንካቸው።

ካፖርቱ ከቀላል ጨርቅ፣ ብዙ ጊዜ ከተልባ እግር ክር የተሠራ፣ ረጅምና ሰፊ ነው። የአሜሪካ ምዕራብ ፈረሰኞች ከልብሳቸው በላይ ይደርቡት ነበር፣ ፈረስ ላይ ሲቀመጡ እንዲመች ከኋላ የተሰነጠቀ። ከዚያ መኪና መጣ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጣሪያም መስታወትም ስላልነበራቸውና መንገዱም ጥርጊያ ስለነበር ባለመኪኖቹ ያንኑ ካፖርት ለበሱት። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የመምህራኖቻችን ነጭ ጋዋን ነው። ሥራው አንድ ነው፦ ከሥሩ ያለውን ልብስ ከብናኝ ማዳን። እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዳስተር ነበረን ማለት ይቻላል፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ መምህሩ ትከሻ ላይ።

የላባው ዳስተር በተለይ ከሰጎን ላባ ነው የሚሠራው። ላባው በጣም ለስላሳና ብዙ ጭራሮ ያለው ስለሆነ አቧራውን ይይዘዋል እንጂ ወዲያ ወዲህ አይበትነውም። የሰጎን እርባታ ሲነሳ ስሟ የሚጠራው ከተማ ኦውትስሆርን ናት፣ ደቡብ አፍሪካ። የሰጎን ላባ በአውሮፓ ሴቶች ባርኔጣ ላይ ፋሽን በነበረበት ዘመን ገበሬዎቿ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሠርተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1914 ግን ገበያው ወደቀ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የባሕሩ ትል ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጥረጊያ ነው። ቱቦ ውስጥ ይኖራል፣ ላባ የመሰለ ማራገቢያውን ብቻ ወደ ውጪ ዘርግቶ በሱ ይተነፍሳል፣ በሱው ይመገባል፣ ጥላ ካየ እልም ይላል።

መኪናውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዳቺያ ዳስተር እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፣ ሩማንያ ውስጥ ሚዮቬኒ በሚባል ከተማ ይሠራል። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ሬኖ የሚል ስም ለጥፎ ታዩታላችሁ፣ መኪናው ያው ነው። ርካሽ፣ ጠንካራ፣ ጌጥ የሌለው መኪና ነው። በ2019 አንዱ ተሻሽሎ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ተበረከተ። ዳቺያው ከመውጣቱ ከአርባ ዓመት በፊት፣ በ1970፣ አሜሪካ ውስጥ ፕሊመዝ ዳስተር የሚባል ሌላ መኪና ወጥቶ ነበር፣ ሁለቱ በስም እንጂ በዘር አይገናኙም። ነዳጅ ፈላጊዎች ደግሞ ቆፍረው ቆፍረው ምንም ያልወጣበትን ጉድጓድ ዳስተር ይሉታል።

አሁን ወደ ከባዱ። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ ሰዎች ዳስተር የሚሉት የአቧራ ማዕበልን ነበር። ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ የቴክሳስ ሰሜን። መሬቱን ይዞት የኖረው ሣር ነው። ሣሩን በትራክተር ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት፣ ስንዴው ዋጋ ሲያጣ መሬቱን ባዶ ተዉት፣ ከዚያ ድርቅ መጣ። አፈሩን የሚይዝ ነገር ስላልነበረ ነፋስ አነሳው። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 ጥቁር እሑድ ይባላል፤ ቀኑ ጨልሞ ሰው እጁን ማየት አቃተው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አፈሩ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ድረስ ተነፍቶ ነበር። የአፈር ጥበቃ ሕግ የወጣው በዚያው በ1935 ነው። ቁልቁለት አርሶ አፈሩን ጎርፍ ሲወስድበት ያየ የወሎ ወይም የትግራይ ገበሬ ይህ ታሪክ አይርቀውም። እዚያ በነፋስ፣ እዚህ በውኃ።

አውሮፕላኑ። ነሐሴ 3 ቀን 1921፣ ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ አጠገብ፣ ጆን ማክሬዲ የሚባል የጦር አብራሪ ከርቲስ በሚባል አሮጌ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ተነሳ። በጎኑ የብረት ሣጥን ታስሮለታል፣ ውስጡ ሊድ አርሴኔት የሚባል የመርዝ ዱቄት አለ። ካታልፓ የሚባለውን ዛፍ አባጨጓሬ ቅጠል በቅጠል እየበላ ስላስቸገረ እላዩ ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ዱቄቱን ለቀቀበት። ሰብል ላይ መርዝ ከሰማይ መርጨት የተጀመረው እንዲህ ነው። አባጨጓሬው አለቀ።

የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ወዲያው ተነሱ፣ ምክንያቱም እነሱ ዘንድ የጥጥ ፍሬ የሚበሳ ነቀዝ ገበሬውን ደኻ አድርጎት ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ሜከን ላይ ሃፍ ዳላንድ ዳስተርስ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፣ በ1925 ወደ ሉዊዚያና ተዛወረ። ሥራው አንድ ነው፦ ጥጥ ላይ ዱቄት መርጨት። የአሜሪካ ወቅት ሲያልቅ አውሮፕላኖቹ ፔሩ ሄደው እዚያ ይረጩ ነበር። በ1928 ባለቤት ሲቀየር ስሙም ተቀየረ፦ ዴልታ። አዎ፣ አትላንታ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚሳፈርበት ዴልታ። ሰው ማጓጓዝ የጀመረው በ1929 ነው። ያም ሆኖ የእርሻውን ክፍል እስከ 1966 አልዘጋውም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አብራሪው ማለዳ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሳ ይወጣል፣ ነፋስ ካለ መድኃኒቱ ጎረቤት ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ከሰብሉ በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይበራል። ማሳው ጫፍ ሲደርስ በድንገት አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቀናል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገና። የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀንደኛ ጠላቱ ነው። ዛሬ የሚረጨው በአብዛኛው ፈሳሽ ነው፣ ዱቄቱ ቀርቷል፣ ዳስተር የሚለው ስም ግን አልቀረም። መርዙም ነገር አለው፤ ጥጡን ያዳነ አርሴኒክ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ እሱን የሚተነፍሰው ሠራተኛም አለ። ይህን ደብቆ አውሮፕላኑን ብቻ ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም።

መድፉ ኤም 42 ይባላል። ታንክ ላይ የተቀመጠ ባለ ሁለት አፈሙዝ 40 ሚሊ ሜትር ነው። አውሮፕላን እንዲመታ ተሠራ፣ ጄቶቹ ፈጠኑበት፣ ቬትናም ላይ እግረኛ ጦር ላይ ተኮሱበት። ዳስተር ያሉት ወታደሮቹ ናቸው። ስለሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን እዚህ ለመድረስ ነው። ዴልታ ከእርሻ አውሮፕላን ተነስቶ ወደ መንገደኛ ሄደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቃራኒውን አደረገ። በ1946 መንገደኛ ይዞ ካይሮ በረረ፣ ከዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ አዲስ አበባ ላይ የእርሻ አውሮፕላን መገጣጠም ጀመረ። አውሮፕላኑ አግ-ካት ይባላል። በመጀመሪያ ግሩማን የነደፈው፣ ኋላ ሽዋይዘር ኩባንያ ያመረተው ባለ ድርብ ክንፍ ነው፣ ተርባይን ሞተር ያለው። የኛዎቹ በፈቃድ ገጣጠሙትና ስም አወጡለት፦ እሸት።

ለሰብል ለሚሠራ አውሮፕላን ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። አዋሽ ሸለቆ ላይ፣ መልካ ወረርና አሚባራ አካባቢ፣ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ነበሩ፣ ርጭቱም በአውሮፕላን ነበር። ያኔ እዚያ ያደገ ልጅ ድምፁን ከሩቅ ይለየዋል።

ዴልታ የዳስተር ታሪኩን ሙዚየም ሠርቶ፣ ፎቶ ሰቅሎ፣ ለሚመጣ ሁሉ በኩራት ይናገራል። የእሸትን ስም ግን ከአቪዬሽን ሰዎች ውጪ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ድሪምላይነር ሲገባ ሁላችንም እናጨበጭባለን፣ ደስ ይላል፣ እኔም አጨበጭባለሁ። አውሮፕላን በራሱ ሠራተኞች እጅ የተገጣጠመበት ዘመን ግን ከዚያ አያንስም። ብረቱን የጠረቡ፣ ሞተሩን ያሰሩ፣ ለሙከራ ያበረሩ ሰዎች ብዙዎቹ ጡረታ ላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ የሉም። እሸት ላይ የሠራ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቋቸው። ድምፃቸውን ቅዱ፣ ያላቸውን ፎቶ በስልክ አንሱ፣ ከፎቶው ጀርባ የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም። ከፈቀዱላችሁ ላኩልኝ፣ እዚሁ አወጣዋለሁ።