ሪሞት ያዡ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ጅማ ውስጥ በባጃጅ ከአጂፕ ወደ መርካቶ እየሄድን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሬዲዮ ተከፍቷል። ሁለት አቅራቢዎች ከአድማጭ የተላከ የመኝታ ቤት ጥያቄ እያነበቡ ይንከተከታሉ። መጀመሪያ በቅኔ ነበር የሚያወሩት። ትንሽ ቆይተው ሰሙን ጣሉና ወርቁን እንዳለ አወጡት።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። "አባ፣ ምን ማለት ነው?" አለችኝ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። ሪሞት ፍለጋ መሆኑ ነው። ባጃጅ ውስጥ ምን ሪሞት አለ!

"ስለ ምግብ ነው የሚያወሩት" አልኳት።

"ታዲያ ለምን ይስቃሉ?"

ማታ ቤት ገብቼ "መንግሥት ይሄን ዝም የሚለው ለምንድን ነው? ለምን አይቆርጡትም?" እያልኩ ስለፈልፍ ራሴን ያዝኩት። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ደንብ ነው። ከእኔ ግን ያሳፍራል። እኔ የመቁረጥን ሥራ አውቀዋለሁ። ደሞዝ በልቼበታለሁ።

በ1994 ገደማ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ሪሞት እይዝ ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ፣ ከዚያ በኋላ አግዳሚ ወንበር በአግዳሚ ወንበር። መግቢያው 50 ሳንቲም። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም። ሰው በዓይኑ ብቻ ያያል። ቅር የሚለውም የለም፤ እንግሊዝኛውን ድሮስ ማን ሰምቶት!

ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነው።

"ሊሳሳሙ ሲሉ አሳልፈው።"

"ሲገዳደሉስ ጋሼ?"

"እሱ ምን አለበት?"

ይኸው ነው። ሰው በመጋዝ ሲቆረጥ ሕፃናቱ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ ያያሉ። ከንፈር ከንፈርን ሊነካ ሲል ግን የእኔ ጣት ይሠራል። ጋሼ የሚፈሩት የልጆቹን መበላሸት አልነበረም። የሚፈሩት በር ላይ ቆማ የምትጮኽ የሰፈር እናት ነው። ቀበሌ በየጊዜው ቪዲዮ ቤት፣ ጫት ቤት እያለ ያሽግ ነበር። የታሸገ ቤት ደግሞ 50 ሳንቲም አያስገባም።

ሥራው ችሎታ ይጠይቃል። ሙዚቃው ቀዝቀዝ፣ መብራቱ ደብዘዝ ሲል ጣትህን ታዘጋጃለህ። ችግሩ ካሴት ሲሮጥ ምስሉ አይጠፋም። ነጭ መስመር እየተሻገረበት ሰዎቹ ጥሬ እንደሚለቅም ዶሮ አፍ ለአፍ ሲገጣጠሙ ይታያል። ቤቱ በፉጨት ይናጋል። ቀስ ብሎ ቢያልፍ ማንም ልብ የማይለው ነገር እኔ ሳሳልፈው የቀኑ ትልቅ ትርኢት ሆኖ ያርፋል። በኋላ ጃኬቴን አውልቄ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣል ጀመርኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ጃኬቱን እያየ የባሰ ነገር አሰበ።

አንድ ቀን እንዲህ በጃኬት የሸፈንኩት ክፍል ላይ ለካ ሴትዮዋ ሰውዬው ሲተኛ ከሽጉጡ ጥይቱን ታወጣለች። እኔ አልጋ ነው ያየሁት፣ ሸፈንኩ። መጨረሻ ላይ ዋናው ሰውዬ ሽጉጡን ሲመዝ አልተኮሰም። ተገደለ። ቤቱ ተደበላለቀ። "ለምን አልተኮሰም? ገንዘባችንን መልሱ!" ፊልሙን ሌላ ቤት ያየ አንድ ጎረምሳ ተነስቶ፣ የሸፈንኩትን ሁሉ በእጁም በወገቡም እያሳየ አስረዳ። ከፊልሙ ይልቅ የሱ ማብራሪያ ነበር ነውር።

(የህንድ ፊልም ቀን እረፍቴ ነበር። እነሱ ራሳቸው ቆራርጠው ነው የሚልኩልን። ሊሳሳሙ ሲደርሱ ሁለት አበባ ይነካካል፣ አለቀ።)

ከዚያ ከአንድ ሳምንት በኋላ ጋሼ ጠሩኝ። በአንዱ ፊልም ውስጥ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ በፖሊስ ላይ ድንጋይ ይወረውራል። "ይሄንንም አሳልፈው" አሉኝ። "የሚሳሳም የለም እኮ ጋሼ" አልኳቸው። "ነገር ይፈልጋል" አሉና ሄዱ። አዲስ አበባ የተማሪዎች ረብሻ ከነበረ ብዙም አልቆየም። አሳለፍኩት። ምን ቸገረኝ፣ ጣቱ ያው ጣት፣ ሪሞቱም ያው ሪሞት ነው። ከዚያ አንድ ቄስ የሚሰክርበት መጣ፣ አሳልፈው ተባልኩ። ከዚያ አንድ ባለሥልጣን ጉቦ የሚበላበት። እኔ እስክወጣ ድረስ ያልተነካው መጋዙ ብቻ ነው።

አሁን ዲሽ ነው የምሠራው። ጣራ ላይ ወጥቶ ማዞር፣ ሪሲቨር መጠገን፣ ቻናል መጫን። ድሮ ሁሉም ሰው ዲሹን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት ነበር የሚያዞረው። ያኔ የፈረንጅ ፊልም የምናየው ከአረቦቹ ከኤምቢሲ 2 ነው። እዚያ ያለው ሪሞት ያዥ ከእኔ የተሻለ ባለሙያ ነበር። ሁለት ፊት ይቀራረባል፣ ይቀራረባል፣ ከዚያ ሰውዬው መኪና ውስጥ ነው። ያቺን ዝላይ ሳይ በማላውቀው አገር ያለ የሥራ ባልደረባዬ ሰላም የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ኢትዮሳት መጣና ዲሹን ሁሉ ወደ ምሥራቅ አዞርነው።

ከዚያ በፊት፣ በ2008 ቃና የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተረጎመ ሲጀምርም ስልኬ እረፍት አልነበረውም። የፊልም ሠሪዎቹ ተቃውሞ፣ "ባህላችን ጠፋ" የሚለው ክርክር በሬዲዮ ይሰማል። እኔ ጣራ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ከታች ደግሞ ባለቤቲቱ "ገባ? ቃና ገባ?" ትላለች።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ነውር በየበሩ እንደሚለያይ ነው። ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ አንድ ግቢ አለ፤ አራት በር። አንደኛው ቤት በረመዳን የዘፈን ቻናሎቹን ያስቆልፈኝና ዒድ ሲያልፍ ያስከፍተኛል። ሁለተኛው ቤት በሁዳዴ ያንኑ ያደርጋል። ሦስተኛው ቤት ዓለማዊ ዘፈን ዓመቱን ሙሉ አይፈልግም። አራተኛው ውስጥ ተማሪዎች ተከራይተዋል። የሚጠሩኝ የተቆለፈውን እንድከፍት ነው። አራቱም ይከፍሉኛል፣ አራቱም ጋ ቡና ጠጥቼ እወጣለሁ። አንድ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአራቱም አንድ መቀስ ልያዝ ቢል ማንን ያስደስታል?

ይሄን ስላልኩ ሁሉም ይለቀቅ የምል እንዳይመስላችሁ። ባጃጇን አልረሳሁም።

ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያስተምር አንድ ደንበኛ አለኝ። ሐሙስ ዲሹን ዝናብ አዛብቶበት ሄጄ የባጃጇን ነገር ሳጫውተው በሳቅ ሞተ። "አንተ ብቻ አይደለህም" አለኝ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ቀን 1973፣ ኒውዮርክ ውስጥ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ጆርጅ ካርሊን የተባለ ኮሜዲያን ጸያፍ ቃላትን እየዘረዘረ የሚቀልድበትን ያስተላልፋል። አንድ አባት ልጁን ይዞ መኪና እየነዳ ይሰማዋል። ለብሮድካስት ኮሚሽናቸው ከሰሰ። ነገሩ ሲንከባለል 1978 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አምስት ዳኞች ለመንግሥት፣ አራቱ ለጣቢያው ሆኑና መንግሥት ረታ። ያሉት ምንድን ነው፣ ሬዲዮ ሳያንኳኳ ቤት የሚገባ እንግዳ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ይሰማዋል።

"ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?" አልኩት።

"አሥራ አምስት።"

"አሥራ አምስት! እኔ በአሥራ ስድስት ሪሞት እይዝ ነበር እኮ!"

ግን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቃላቱን ከነጭራሹ አልከለከሉም። ሰዓት ነው ያበጁለት። ዛሬ እዚያ ልቅ ነገር የሚፈቀደው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። እሱም በአየር ለሚሰራጨው እንጂ ለኬብሉ አይሠራም። ደግሞ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004፣ በነሱ ትልቁ የኳስ ጨዋታ እረፍት ላይ፣ የዘፋኟ የጃኔት ጃክሰን ጡት ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ በቴሌቪዥን ታየ። ኮሚሽኑ ጣቢያውን 550 ሺህ ዶላር ቀጣው። ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው። ለምን? ኮሚሽኑ ድሮ ለአፍታ ብልጭ ያለን ነገር ያልፍ ነበር፤ አሠራሬን ቀይሬያለሁ ብሎ አስቀድሞ ሳይናገር ነው የቀጣው። ጋሼ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ዛሬ የሚያሳልፉትን ትናንት አይነግሩህም ነበር።

"የእኛስ?" አልኩት። ቡናውን አስቀመጠና ቆጠረልኝ። በደርግ ጊዜ ዘፋኝ ግጥሙን ሳያስመረምር ካሴት አያወጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከለከለ። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ለወጣቶች ደህንነት ሲባል ገደብ በሕግ ሊወጣ ይችላል ይላል። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ደግሞ ለሕፃናት የማይሆን ፕሮግራም ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ብቻ እንዲተላለፍ ሰዓት አስቀምጦ ነበር። በ2013 አዋጅ 1238 ተተካ፤ አቤቱታ ካለህ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አለልህ አለኝ።

ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11! ዲሽ ስሠራ ስንት ዓመቴ፣ ይሄን አንድም ደንበኛ ነግሮኝ አያውቅም። ሁሉም የሚያወራው ስለመቁረጥ ነው።

እኔ የምመርጠው ሰዓቱን ነው። ሰዓት አይፈራም፣ የሰፈር እናት አትጮኽበትም፣ ሰልፍ ሲያይ ጣቱ አይሠራም። የባጃጇን ፕሮግራም ማንም አይቁረጠው፤ ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ ያውሩት፣ ያኔ እኔም ብሰማው አልጠላም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ካወሩት ደግሞ የትኛው ደንብ እንደተጣሰ በስም ይነገራቸውና ይቀጡ። የመጠጥ ማስታወቂያን በ2011 በአዋጅ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጡት እኮ ሁሉም አወቀው፤ የተስማማም ያልተስማማም። ጃኬት የጣለ የለም።

ለቤት ውስጡ ደግሞ ቁልፍ አለ እላለሁ፤ እንጀራዬ ስለሆነ። ግን እሱንም ብዙ አትመኑት። ጊንጆ ያሉ አንዲት እትዬ የልጅ ልጃቸው ክረምቱን አብሯቸው ስለሚከርም "የሚሳሳሙበትን ሁሉ ዝጋልኝ" ብለው ጠሩኝ። ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ልጁ ከፍቶታል። የሪሲቨር የፋብሪካ ቁጥር ብዙ ጊዜ አራት ዜሮ ነው፤ እኔም ቸኩዬ አልቀየርኩትም ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለማግኘት የፈጀበት ምናልባት አራት ሰከንድ ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። "ቁጥር ይምረጡ እትዬ፣ ልጁ የማይገምተው" አልኳቸው። ልጁን ውሃ ቅዳ ብለው አስወጡና ጆሮዬ ላይ አንሾካሾኩልኝ። ሞላሁት፤ ይሄኛው አይገኝም። እሳቸውም እፎይ አሉ።

ትናንት ደወሉ። ቁጥሩ ጠፍቷቸዋል። የማታው የቱርክ ድራማቸው የተቆለፈው ውስጥ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጎረቤት እየሄዱ ነው የሚያዩት።

"ልጁስ እትዬ፣ ቤት ብቻውን ትተውት ነው?"

"የምን ብቻውን! ስደርስ ወንበር ይዞ ይጠብቀኛል" አሉኝ።