41 የሰጠኝ የመዳብ መስመር

በቤተሰባችን ውስጥ ኮምፒውተር ነክ ነገር ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነኝ። ሹመቱ የተሰጠኝ ከዓመታት በፊት የአጎቴን ማተሚያ ማሽን ሶኬት ሰክቼ "ስለጠገንኩት" ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሻረኝም፤ እኔም በፈቃዴ አልወረድኩም። ስለዚህ የኢንተርኔት ውላችን ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ባለቤቴ "ፈጣን የሚባለውን አስገባና እንገላገል" ስትለኝ ቅር አለኝ። ኢንተርኔት እንዲያ አይመረጥም። ይጠናል።

ከተማችን ትልቅ የምትባል አይደለችም፤ ትንሽም አይደለችም። ለመራጭ ሰው እንዲህ ያለ ከተማ ክፉ ነው። በትንሽ ከተማ ያለው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ተመስገን ብሎ መቀበል ነው። እዚህ ግን በመስታወት ክር የሚሄደው ፋይበር አንዱን መንገድ ይዞ እየመጣ ሳለ ማዶ ያለውን ሰፈር ሳይነካ ይታጠፋል፤ የድሮው የስልክ መዳብ አለ፤ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር አለ፤ በሞባይል ኔትዎርክ የሚሠራ ሳጥን አለ፤ ሳተላይት ለሚፈልግም ሰማዩ ክፍት ነው። ሁሉም ማስታወቂያ ላይ የሚስቅ ቤተሰብ አለው። ሁሉም ማስታወቂያ ላይ ደግሞ "እስከ" የምትባል ቃል አለች። "እስከ 20 ሜጋቢት በሰከንድ" ይላሉ። ዜሮም እስከ 20 ባለው ውስጥ እንደሚገኝ የሚነግርህ የለም።

ደብተር ገዛሁ። በማስመሪያ አሰመርኩት። ሳተላይቱን ገና በመጀመሪያው ምሽት ሰረዝኩት። የድሮዎቹ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ጥያቄህ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስህ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ "ይሰማል?"፣ "ይሰማል" እየተባባሉ መዋል ነው። 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩት አዲሶቹ ይህን ችግር በእጅጉ አቃለውታል። ነገር ግን ሳህኑን ጣሪያ ላይ ወጥቶ መትከል አለ፤ እኔ ደግሞ ከወንበር በላይ የሆነ ከፍታ አልወድም። በደብተሩ ላይ "በቴክኒክ ምክንያት ቀርቷል" ብዬ ጻፍኩ።

የኬብል ቴሌቪዥኑን መስመርም ለመለካት አልደከምኩም። ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤቴ እሱን ነው የሚጠቀመው፤ ባለፈው ዓመት ራውተሩን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በቤት ውስጥ የሚያሰራጨውን ሳጥን፣ ከመደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኩለትም፣ ያስተካከልኩለትም እኔ ነኝ። ከእሱ ቅሬታ ብቻ በቂ መረጃ አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። የሰባት ዓመት ልጁ ታብሌቱን ይዞ እኛ ቤት ሲገባና ሲወጣ ስለሚውል፣ ቅሬታው ባይመጣ እንኳ ልጁ ያመጣልኛል።

የቀሩት ሦስት ናቸው። በእጄ ያለው መዳብ፣ እህቴ ለአንድ ሳምንት ያዋሰችኝ የሞባይል ኔትዎርክ ሳጥን፣ በ14 ቀን ሙከራ የሚገባው ፋይበር። አለካኬን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ቢሆን በአለካኬ አላፍርም። የመለኪያ ጣቢያዬ የሥራ ክፍሌ ጠረጴዛ ነው፤ ራውተሮቹን በየተራ የምተክለው ሳሎን ነው። ሁልጊዜ አንድ ስልክ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓት፤ ምሽት 2 ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ፊልም የሚከፍትበት ጊዜ። የፍጥነት መለኪያውን ሦስት ጊዜ አስኬዳለሁ። ከዚያ 4 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፋይል በሰዓት መቁጠሪያ እያየሁ አወርዳለሁ፤ እሱንም ሦስት ጊዜ። የቤቱ ሰው እንዳይጉላላ ብዬም ለእያንዳንዱ አዲስ ሳጥን የድሮውን ስምና የድሮውን የይለፍ ቃል ሰጠሁት። እንዲህ ሲሆን የባለቤቴ ስልክም ሆነ ቴሌቪዥኑ ራውተር መቀየሩን እንኳ አያውቁም። ይህን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዚህ ዘዴ እኮራበት ነበር።

መዳቡን ለካሁ። 41 ሜጋቢት በሰከንድ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የገዛሁት እስከ 20 ነው። አንድ ኪሎ ከፍሎ ሁለት ኪሎ የተመዘነለት ሰው ሚዛኑን ይጠራጠራል፤ እኔ ግን ሻጩን አመሰገንኩ። "ድርጅቱ ለቆየ ደንበኛ ሳይናገር ይጨምራል" ብዬ በደብተሩ ጥግ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ፋይሉ በ13 ደቂቃ ወረደ፤ በስሌት ሳየውም ልክ ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4 ጊጋባይት 32,000 ሜጋቢት ነው፣ ለ41 ሲካፈል 780 ሰከንድ። ሒሳቡ ሲገጥም የተሰማኝ ደስታ ልዩ ነበር። በዚያው ምሽት ባለቤቴ ከሳሎን ተጣርታ "ፊልሙ በየአምስት ደቂቃው እየቆመ ነው" አለችኝ። ቁጥሩን ነገርኳት። "ቁጥሩን ለፊልሙ ንገረው" አለች።

የእህቴ ሳጥን 42 ሰጠኝ። ባለቤቴ "ቀን ቀን ጥሩ ነው፣ ሲመሽ ግን ያነክሳል" አለች። አንድ የሞባይል አንቴና ለሰፈሩ ሁሉ ስለሚከፋፈል ማታ መዳከሙ የሚጠበቅ ነው፤ ይህን በመጽሐፍ ደረጃ አውቀዋለሁ። የእኔ መለኪያ ግን በዚያው ምሽት ሰዓት 42 ብሏል። ስለዚህ "የተጠቃሚ ስሜት" የሚል አምድ ከፍቼ አስተያየቷን እዚያ ጻፍኩላት። ለአስተያየቷ ክብደት አልሰጠሁትም፤ ግን ጻፍኩት።

ፋይበሩን ያስገባው ወጣት ቴክኒሻን ሥራው የሚያስቀና ነበር። ከገመዱ ውስጥ የጸጉር ውፍረት ያለው የመስታወት ክር አወጣ፤ ልባሱን ገፈፈ፤ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠረገው፤ በትንሿ መቁረጫ "ጥርቅ" አድርጎ ቆረጠው። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ በብዕር መሰል መብራት ቀይ ብርሃን ሲለቅበት፣ እኔ ገመዱን ለማሳመር ጥግ ላይ አጥፌው ኖሮ ቀዩ ብርሃን ልክ እጥፋቱ ላይ ፈስሶ ታየ። "አጥብቀው አይጠፉት፤ ብርሃኑ ያመልጣል" አለኝ። ዝም ማለት አልሆነልኝም። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ፣ ይህም በባዶ ሰማይ ከሚጓዝበት ፍጥነት ሁለት ሦስተኛው እንደሆነ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና "ራውተሩን ግን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አያስቀምጡት" አለኝ።

የገዛሁት 300 ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ለካሁ። 41።

ደወልኩ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ጨዋ ነበረች፤ "ጌታዬ፣ ሲለኩ ከራውተሩ አጠገብ ነዎት? በገመድስ ሞክረውታል?" አለችኝ። ለእኔ! አሰማምሬ ተቆጣሁ። በማግስቱ ያ ወጣት ተመልሶ መጣና ሳሎን ቆሞ በራሱ ስልክ ለካ፤ 298። አሳየኝ። እኔ ደግሞ ወደ ሥራ ክፍሌ ወሰድኩትና በራሴ ስልክ ለክቼ አሳየሁት፤ 41። ስልኬን አገላብጦ አየው፤ ግድግዳውንም አየ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ፣ ስለ ብርሃን ፍጥነት ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። እሱ ሲሄድ "የእነሱ ስልክ ለመለካት የተዘጋጀ ነው" ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ፊልም እያየች ነበር። ሳይቆምባት።

በዚሁ ሰሞን ጎረቤቴ በር ላይ ያዘኝ። "ወንድሜ፣ የእኔ ኢንተርኔት ማታ ማታ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ልክ 2 ሰዓት ሲሆን ይሞታል። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይና መልሶ ይነሣል። ሦስት ሳምንቱ ነው።" እኔ ደብተሬን ይዤ ስለነበር በቆምንበት አስረዳሁት። የኬብል መስመር ለመንደሩ ሁሉ የጋራ ነው፤ ምሽት ላይ ሁሉም ሲከፍት ድርሻህ ይሳሳል፤ ከጎረቤቶችህ አንዱ ያለ ልክ የሚያወርድ ሆዳም ሊሆን ይችላል። "አንዳንድ ሰው ኅሊና የለውም" አልኩት። "የለውም" አለ እሱም፤ አብረን ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። ይህን ኬብል ቁረጠውና ሌላ አስገባ ብዬ መከርኩት።

ውሳኔዬ ግልጽ ነበር። 41፣ 42፣ 41። ሦስቱም አንድ ከሆኑ ርካሹን መያዝ ነው። ፋይበሩን በ13ኛው ቀን መለስኩ። ለመዳቡ ደግሞ የሁለት ዓመት ውል ፈረምኩ፤ ቀድሞ ያፈረሰ ቅጣት ይከፍላል የሚለውን አንቀጽ ሳነብ ፈገግ አልኩ። እንዲህ የተጠና ውሳኔ ማን ያፈርሳል?

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ምሽት ላይ፣ ለራሴ ደስታ ስል አንድ ጊዜ ለካሁ። 11። መልሼ ለካሁ። 11። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። 10።

ደወልኩና "ውል እስክፈርም 41 ስትሰጡኝ ቆይታችሁ፣ በፈረምኩ በሦስተኛው ቀን ወደ 11 ታወርዱኛላችሁ?" ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ቁልፍ ሲነካካ ይሰማኛል። ዝም አለ፤ እንደገና ነካካ። "ጌታዬ፣ ከስልክ ጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በመዳብ ላይ ርቀት ሲጨምር ፍጥነቱ ይወርዳል። የእርስዎ መስመር ከ12 በላይ ሰጥቶ አያውቅም።"

"እኔ ግን ለክቻለሁ!"

"አልጠራጠርም" አለ በትሕትና፤ "የለኩት ግን የእኛን አይደለም።"

ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ ከሳሎን ባለቤቴ ከአንድ ሰው ጋር ስታወራ ይሰማኛል። የጎረቤቴ ልጅ ነው። "ጋሼ የሉም እንዴ?" ይላል። "አባዬ የእኛን ኢንተርኔት አስቆረጠው። ሣጥኑንም ዛሬ መለሰው። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

ክው አልኩ። ባለፈው ዓመት ራውተሩን ሳስተካክልለት፣ ልጁ ታብሌቱን ይዞ ከቤት ቤት ሲሮጥ እንዳይቸገር ብዬ፣ የእኛኑ ስምና የእኛኑ የይለፍ ቃል ነበር የሰጠሁት። ሁለቱም ቤቶች ስለ ብልሃቴ አመስግነውኝ ነበር። ስልክ ደግሞ ሁለት ራውተሮች አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ካላቸው እንደ አንድ ኔትዎርክ ያያቸውና ጎላ ብሎ የተሰማውን ይይዛል። የእኔ ራውተር ከሥራ ክፍሌ በሁለት ግድግዳ ይርቃል። የእሱ ራውተር ያለበት መደርደሪያ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ካለው ግድግዳ ማዶ ነው። መደርደሪያውን የመታሁለት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ለመለካት ያልደከምኩበት የኬብል መስመር ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የለካሁት እሱን ብቻ ነው። በየምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 4 ጊጋባይት ሦስት ጊዜ ያወረደው ኅሊና ቢስም ተገኘ። ደብተሩን ገለጥኩት። በውስጡ እውነት የነበረው "የተጠቃሚ ስሜት" የሚለው አምድ ብቻ ነው።

ለጎረቤቴ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስነግረው አልተቆጣም፤ የከፋው እሱ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ ከመጀመሪያው እንድጀምርላት ጠየቀኝ። ለካስ ያ ወጣት ቴክኒሻን የእኔን ፋይበር ሊነቅል በመጣ ዕለት እነሱ በር ላይ ይዘውት፣ መስመሩ ለእነሱ እንዲገባ ተስማምተው ኖሯል። በሳምንቱ ገባላቸው። ቴክኒሻኑ ራውተሩ ምን ተብሎ ይሰየም ሲላቸው ጎረቤቴ "በድሮው ስም ይሁን፣ የልጁ ታብሌት እንዳይቸገር" ብሎታል። እኔ እንዳስተማርኩት።

ስሙን ይቀይረው ብዬ በሐቅ ነገርኩት። "ተወው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ብቻ አትለካ" አለኝ።

የዚያን ዕለት ምሽት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ፣ እንዲያው ለማየት ያህል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለካሁ። ሰዓቱ 3 ከሩብ ነበር። 290። ገና ከወንበሬ ሳልነሣ ባለቤቴ ትራሷን በብብቷ ታብሌቷን በእጇ ይዛ ገባች። ክፍሉን ቃኘችና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቆመች።

"ተነሣ እስቲ" አለችኝ። "መዳቡ 290 የሚሰጠው እዚህ ጋ ነው አይደል?"