ባዶው ተቀባይ ነው የሚጮኸው፦ ኤቲሊንን በአተርና በሙዝ ስማር

ኤቲሊንን ማጥናት ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ያነሳሳኝ ተራ ነገር ነው፤ ሙዝ ከፖም ጋር ሲቀመጥ ለምን ቶሎ እንደሚበስል ማወቅ ፈለግሁ። መልሱ አጭር ነው፦ ፖሙ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ደግሞ የዕፅዋት ሆርሞን ነው። ሙዙ ጋዙን እንዴት "እንደሚሰማ" ለመረዳት ግን ብዙ ለፋሁ።

መጀመሪያ የአተሩን ሙከራ ሠራሁ። እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በጨለማ ያበቀላቸው የአተር ቡቃያዎች ወደ ላይ ማደጉን ትተው ወደ ጎን ሲጋደሙ ልብ አለ። ምክንያቱ ወደ ቤተ ሙከራው አየር የገባው የመብራት ጋዝ፣ በተለይም በውስጡ ያለው ኤቲሊን ሆኖ ተገኘ። (ተክል ራሱ ጋዙን እንደሚሠራ ያረጋገጠው ሪቻርድ ጌን ነው፤ በ1934፣ ያውም ከፖም።) እኔም በሁለት የብርጭቆ ዕቃ እርጥብ ወረቀት ላይ አተር ዘራሁ፣ በአንዱ የበሰለ ፖም ጨመርኩ፣ ሁለቱንም ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኩ። በሰባተኛው ቀን ብቻውን የነበረው አተር ቀጥ ብሎ ተመዟል። የፖሙ ጎረቤት አጥሯል፣ ወፍሯል፣ ተጋድሟል። ሦስትዮሽ ምላሽ የሚሉት ይህንን ነው። በዓይን ሲያዩት ከማንበብ በጣም ይለያል።

ቀጥሎ የጋዙን አሠራር አነበብኩ። መነሻው ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ መካከል ላይ ኤሲሲ የሚባል ውህድ ይሠራል፣ እሱ ደግሞ ወደ ኤቲሊን ይለወጣል። የመጨረሻው እርምጃ ያለ ኦክስጅን አይሄድም። ይህን ከማንበቤ በፊት ጥሬ ሙዝና ፖም አየር በማያስገባ ከረጢት አጥብቄ አስሬ ነበር፤ "ጋዙ ይጠራቀምልኛል" ብዬ። ሙዙ አልበሰለም፤ ከረጢቱን ስፈታው የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ታፍኖ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ራስ ያዞራል። ኤቲሊን የሚይዙት ተቀባይ ፕሮቲኖች በሕዋሱ ውስጥ፣ ኢንዶፕላስሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ ላይ ተተክለዋል፤ ጋዙን የሚይዙትም በመዳብ አማካይነት ነው። እኔ የጠበቅኩት እንደ በር ደወል ነበር፦ ጋዙ ሲነካው ይጮሃል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ተቀባዩ የሚጮኸው ባዶ ሲሆን ነው። ሌሊቱን ሙሉ "እንዳትነሱ!" እያለ እንደሚጮኽ ዘበኛ አስቡት፤ ኤቲሊን መጥቶ ዝም ያሰኘዋል። ዘበኛው እየጮኸ እስካለ ድረስ ሲቲአር1 የሚባል ኢንዛይም ኢአይኤን2 የተባለውን ፕሮቲን አስሮ ይይዛል። ዝም ሲል ኢአይኤን2 ይፈታል፣ ከፊሉ ተቆርጦ ወደ ኒውክለስ ይሄዳል፣ የማብሰያና የማርገፊያ ጂኖች ይነሳሉ።

ማስረጃው አራቢዶፕሲስ ከተባለችው ትንሽ ተክል የተገኘ ነው። ተቀባዩ ጋዙን መያዝ ካልቻለ ተክሏ ለኤቲሊን ደንቆሮ ትሆናለች፤ ዘበኛው ዝም የሚያሰኘው የለምና። ብዙዎቹ ተቀባዮች ከሥራ ውጭ ሲሆኑ ግን ኤቲሊን ባይኖርም እንዳለ ሆና ታድጋለች። ይህን አንቀጽ አራት ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ለናንተ በአንዴ ከገባችሁ እቀናባችኋለሁ።

ይህ ከገባኝ በኋላ ኤቲሊንን የሚያግዱት ኬሚካሎች ነገር ቀለለኝ። ጥያቄው "የቱ ጋ ነው የሚያግደው?" ብቻ ሆነ። ኤቪጂ የሚባለው ኤሲሲ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ኮባልት የመጨረሻውን እርምጃ ይይዛል። ብር (የብር አዮን ማለቴ ነው) እና 1-ኤምሲፒ ግን የጋዙን መሠራት አይነኩም፤ ተቀባዩ ላይ ነው የሚሄዱት። 1-ኤምሲፒ ራሱ ጋዝ ነው፣ የኤቲሊንን ቦታ ይዞ አይለቅም ማለት ይቻላል፤ ዘበኛው ግን መጮኹን ይቀጥላል። ፍሬው በመጨረሻ የሚበስለው አዳዲስ ተቀባዮች ስለሚሠራ ነው። ብር የተቆረጠ አበባን ያቆያል፤ ከባድ ብረት ስለሆነ ግን ቤቴ አላስገባውም።

በእጄ የሞከርኩት ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ነው። የተፈጨ ሸክላ በሐምራዊው ውኃ ነክሬ፣ አድርቄ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ከሙዝ ጋር አስቀመጥኩ። (ጓንት አድርጉ፤ ጣቶቼ ለቀናት ቡናማ ሆነው ነበር።) የመጀመሪያው ዙር ከሸፈ፤ ሙዙ ከሌላው እኩል በሰለ። ቆይቶ ነው ስህተቴ የታየኝ፦ ሙዙ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። ፐርማንጋኔት የሚያጠፋው በአየር ላይ ያለውን ጋዝ ብቻ ነው፤ መብሰል የጀመረ ሙዝ ግን በራሱ ውስጥ ኤቲሊን ኤቲሊንን እየጠራ ይቀጥላል። በጥሬ ሙዝ ስደግመው ግን አራት ቀን ዘገየ፣ ሸክላውም ከሐምራዊ ወደ ቡናማ ሄደ።

አሁን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሦስተኛ ዙር አተር አለ፤ ከፖሙ አጠገብ የፐርማንጋኔቱን ቋጠሮ ጨምሬበታለሁ። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ከዘጠኙ ቡቃያ ሁለቱ ዘንበል ብለዋል፣ ሰባቱ ቀጥ ብለዋል። ሁለቱ ለፖሙ ቅርብ የሆኑት ናቸው።