የዣን ሞሮን የሕይወት ታሪክ ለትወና ተማሪዎች እንዴት እንዳዘጋጀሁት

ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ዣን ሞሮ በ1928 ፓሪስ ተወልዳ በ2017 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ያረፈች፣ በመድረክም በፊልምም ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰች ባለሙያ ናት። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ትወና ለሚማሩ ወጣቶች የሚሆን የሕይወት ታሪኳን በአማርኛ ለማዘጋጀት ስነሣ የገጠመኝ ችግር የመረጃው ወደ አንድ ወገን ማጋደል እንጂ እጥረቱ አልነበረም። ፊልሞቿን ዛሬም ቤት ተቀምጦ ማየት ይቻላል፤ በቴአትር ቤት የሠራችው ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ስለ እርሷ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከ1958 ይጀምርና ከሰማይ ዱብ ያለች የፊልም ኮከብ ያስመስላታል። ለጀማሪ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ አሳሳች ታሪክ ያለ አይመስለኝም፤ ሞሮ በፊልም ዓለም ስሟ ሲገን መድረክ ላይ አሥር ዓመት ያህል ሠርታ ነበርና።

ስለዚህ በሰፊ ወረቀት መካከል መስመር አስምሬ በግራ በኩል ተውኔቶቿን፣ በቀኝ በኩል ፊልሞቿን በየዓመታቸው ትይዩ አሰፈርኩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የሚገልጠው ነገር ግን ድካሙን ያስረሳል። በግራው ዓምድ መጀመሪያ ላይ በ1947 የቴአትር አዘጋጁ ዣን ቪላር በደቡብ ፈረንሳይ በአቪኞን ከተማ የመሠረተው ፌስቲቫል አለ፤ ሞሮ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በዚያ የመጀመሪያ ዝግጅት ላይ በትንሽ ሚና ተሳትፋለች። ብዙም ሳይቆይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደተመሠረተው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቴአትር ቤት፣ ወደ ኮሜዲ ፍራንሴዝ፣ ገባች። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ለምትገኝ ተዋናይት ከዚያ የተሻለ የተረጋጋ እንጀራ በፈረንሳይ አልነበረም፤ እርሷ ግን ጥቂት ዓመታት ሠርታ ለቀቀችና ቪላር ወደሚመራው ብሔራዊ የሕዝብ ቴአትር ሄደች። በ1951 በአቪኞን ከተዋናዩ ዤራር ፊሊፕ ጋር የጀርመናዊውን ጸሐፊ የክላይስትን «የሆምቡርግ ልዑል» ሠራች። ከዚያም በኮክቶ ተውኔት ስፊንክስን፣ በበርናርድ ሾው ተውኔት ደግሞ ኢላይዛን ሆና ተጫወተች። በቀኙ ዓምድ በእነዚሁ ዓመታት የሚገኙት ፊልሞች ብዙዎቹ ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም፤ ከሚታወሱት አንዱ በ1954 ከዣን ጋባን ጋር የሠራችበት የወንበዴዎች ፊልም ነው፤ በእርሱም ውስጥ ሚናዋ ትንሽ ነው።

ልጅነቷን በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ ሁለት ነገሮች ግን አስቀርቻለሁ። እናቷ ከሰሜን እንግሊዝ መጥታ በፓሪስ ትደንስ የነበረች ሴት በመሆኗ ሞሮ ከልጅነቷ ጀምሮ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ይህም ኋላ ከአሜሪካዊው ዳይሬክተር ከኦርሰን ዌልስ ጋር ለሠራቻቸው ፊልሞች ጠቅሟታል። ምግብ ቤት የነበረው አባቷ ደግሞ ልጁ ተዋናይ እንድትሆን ፈጽሞ አልፈለገም፤ እርሷ ግን በፓሪሱ የትወና ትምህርት ቤት፣ በኮንሰርቫቷር፣ ተምራለች። የቀረው የልጅነት ወሬ ስለ ትወናዋ የሚያስረዳው ነገር ስላልነበረው ተውኩት።

ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ዓምዶች የሚገናኙበት ቦታ 1956 እና 1957 ነው፤ ከጽሑፌም ሰፊውን ገጽ የሰጠሁት ለዚያ ነው። በ1956 መጨረሻ እንግሊዛዊው አዘጋጅ ፒተር ብሩክ የአሜሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የቴነሲ ዊሊያምስን «በጋለ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ያለች ድመት» በፓሪስ ቴአትር አንትዋን ሲያዘጋጅ ዋናዋን ሴት ባለታሪክ ማጊን የተጫወተችው ሞሮ ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው የፊልም ዳይሬክተር ሉዊ ማል በዚህ ተውኔት ላይ አያትና ለመጀመሪያው ልብ ወለድ ፊልሙ፣ ለ«አሳንሰር ፑር ሌሻፎ» («ወደ መሰቀያው የሚወስድ አሳንሰር»)፣ መረጣት። የምትጫወታት ፍሎራንስ ካራላ ውሽማዋ ባሏን ገድሎ እንዲመጣ ቀጥራው የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ሰውየው አሳንሰር ውስጥ ተቆልፎበት ሲቀር እርሷ ምን እንደደረሰበት ሳታውቅ ሌሊቱን ሙሉ ፓሪስን ትዞራለች።

ያንን የሌሊት ጉዞ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የካሜራ ባለሙያው ኦንሪ ደካኤ መብራት አልተከለም፤ በሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ ፊቷን የሚያበራው ከሱቆች መስኮትና ከቡና ቤቶች የሚወጣው ብርሃን ብቻ ነው። ካሜራውን የሕፃን ጋሪ ላይ አስቀምጠው በመግፋት ተከተሏት። ቀደም ባሉት ፊልሞቿ ባለሙያዎቹ ፊቷ ለካሜራ አይመችም ብለው በመዋቢያና በጠንካራ መብራት ሲሸፍኑት ኖረዋል፤ እዚህ ግን ከዓይኗ ሥር ያለው ጥላና ወደ ታች የሚያዘነብለው የአፏ ጠርዝ ሳይደበቁ ይታያሉ። ፊልሙን ያጠቡት የላቦራቶሪ ሠራተኞች እንኳን ተዋናይቷን አበላሿት ብለው አቤት እስከማለት ደርሰው ነበር። ሞሮ በዚህ ሁሉ ውስጥ የምትሠራው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ትራመዳለች፣ በየቡና ቤቱ መስኮት ወደ ውስጥ ታያለች፣ ዝናብ ሲመታት ለመጠለል አትቸኩልም፤ የልቧን ንግግር ዝቅ ባለ ድምፅ እንሰማለን። የጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ በዲሴምበር 1957 ምስሉን እያየ በትራምፔት የነፋው ሙዚቃ የመጣው ከቀረጻው በኋላ ነው። ስለዚህ ድምፁን አጥፍቼ ስመለከት የቀረኝ እርሷ የሠራችው ብቻ ነበር፤ ሙዚቃው ባይኖርም ጉዞው አይጎድልም። ይህ የመድረክ ሰው እርጋታ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያያት ምንም ሳታደርግ መቆምን የለመደች ተዋናይት አንድ ካሜራ አያስደነግጣትም።

ዓመታቱን ማስተካከል ካሰብኩት በላይ ጥንቃቄ ጠይቆኛል። ይኸው ፊልም ሉዊ ዴሉክ የተባለውን የፈረንሳይ የፊልም ሽልማት ያገኘው በ1957 ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው ግን በጃንዋሪ 1958 ስለሆነ አንዱ ጽሑፍ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ዓመት ይመዘግበዋል። በ1992 ሴዛር የተባለውን የፊልም ሽልማት ያገኘችበት ፊልም የ1991 ነው፤ በ1988 ሞሊየር የተባለው የቴአትር ሽልማት የተሰጣት ደግሞ በ1986 ለጀመረችው ተውኔት ነው። በመጨረሻ የቀረጻውን ወይም የልምምዱን ዘመን በዓምዱ፣ የመታያውን ቀን ከሥሩ፣ ሽልማቱን በሌላ ቀለም መጻፍ ጀመርኩ። ቃለ መጠይቆቿን ስለ ሙያዋ ያላትን አስተሳሰብ ለማወቅ ተጠቀምኩባቸው እንጂ ዓመት አልወሰድኩባቸውም፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የሚነገር ትዝታ ለዘመን አቆጣጠር አይታመንም።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋ ያለው መሆኑ የታየኝ 1960 እና 1961 ላይ ስደርስ ነው። የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የአንቶኒዮኒ «ላ ኖቴ» («ሌሊቱ») ሚላን ውስጥ የተቀረጸው በ1960 ሲሆን የፈረንሳዊው ዳይሬክተር የፍራንሷ ትሩፎ «ዡል ኤ ዢም» («ዡልና ዢም») ደግሞ በተከታዩ ዓመት ነው። በመጀመሪያው ሊዲያ የምትባል፣ ትዳሯ የሞተባት፣ በከተማው ጠርዝ ብቻዋን የምትንከራተት ዝምተኛ ሴት ናት። በሁለተኛው ካትሪን ሁለት ወዳጆችን በፈቀደችው መንገድ የምታስከትል፣ ለመሳቅም ለማጥፋትም የማትዘገይ ናት። በዚህ ፊልም ውስጥ «ለ ቱርቢዮን» የተሰኘውን ዘፈን ስትዘፍን ስንኞቹን ታደባልቅና በእጇ ትንሽ ምልክት ታሳያለች፤ ትሩፎ ያንኑ ቀረጻ ሳይቆርጥ አስቀርቶታል። ከዚያ በ1963 በዣክ ደሚ ፊልም ፀጉሯን አንጥታ ቁማርተኛዋን ዣኪን ሆነች፤ በ1964 በዳይሬክተሩ ሉዊስ ቡኙዌል ፊልም የቤት ሠራተኛ፣ በ1965 ከብሪዥት ባርዶ ጋር በኮሜዲ የሰርከስ ዘፋኝ ሆነች። «ሁለገብ» የሚለውን ቅጽል ከጽሑፌ ያወጣሁት ይኼኔ ነው። የእኛ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ «ዝነኛዋ»፣ «አንጋፋዋ»፣ «ተወዳጇ» ሲደራረቡበት ያብጣል፤ ሊዲያንና ካትሪንን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጸሐፊ ግን ቅጽሉን ባይጽፈውም አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

ስለ ፍቅር ሕይወቷ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ የጻፍኩት ሥራውን የነካውን ያህል ነው። «ሌዛማን» («ፍቅረኛሞቹ») የተሰኘው የ1958 ፊልሟ በአሜሪካ ጸያፍ ነው ተብሎ ያሳየው የሲኒማ ቤት ኃላፊ ተቀጥቶ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ቅጣቱን ሽሮታል። ጉዳዩ በሕግ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው፤ ስለ ትወና ግን የሚያስተምረው ነገር ስለሌለ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌዋለሁ። የዳይሬክተርነት ሥራዋን ግን አስፍቻለሁ፤ በ1976 «ሉሚየር» የተባለውን ስለ ተዋናዮች ሕይወት የሚናገር ፊልም፣ በ1979 ሲሞን ሲኞሬ የተጫወተችበትን «ላዶሌሳንት» ሠርታለች።

በጣም የከበደኝ ያላየሁትን ተውኔት መጻፍ ነበር። በ1986 በፓሪስ ቡፍ ዱ ኖር ቴአትር ክላውስ ሚካኤል ግሩበር ያዘጋጀው «የአገልጋይቱ ዘርሊን ታሪክ» ከኸርማን ብሮኽ ድርሰት የተወሰደ ሲሆን፣ አንዲት አሮጊት የቤት ሠራተኛ ሕይወቷንና ፍቅሯን ስትተርክ የሚሰማበት ረጅም ንግግር ነው። ሞሮ ያኔ ወደ ስድሳ ዓመት ተጠግታ ነበር። አዳራሹ እንዴት ዝም እንዳለ፣ ድምፅዋ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ መፍጠር ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንባቢንም ደስ ያሰኛል። እኔ ግን ባለታሪኳ ማን እንደሆነች፣ ንግግሩ ከተዋናይ ምን እንደሚጠይቅ፣ ሞሮ ከዚያ በፊት በቡኙዌል ፊልም ሌላ የቤት ሠራተኛ ሆና ምን እንዳደረገች ጽፌ የቀረውን ክፍት ተውኩት። ተማሪዎቼ ከጠቅላላው ጽሑፍ ብዙ የተከራከሩበት ይህ ክፍል ሆነ፤ አንዳንዶቹ የንግግሩን አካሄድ ይዘው በራሳቸው ቃል ለመሥራት ሞከሩ።

ግራው ዓምድ በ1989 እንደገና ወደ አቪኞን ይመለሳል፤ በአንትዋን ቪቴዝ ዝግጅት ላ ሴለስቲንን ተጫወተች። በ2000 የፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ መረጣት። በ2007 ደግሞ በመጀመሪያው ፌስቲቫል ከታየች ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከሳሚ ፍሬ ጋር በአቪኞኑ የጳጳሳት ቤተ መንግሥት አደባባይ የሃይነር ሙለርን «ኳርቴት» አንብባለች።

ሥራዎቿን ለማየት ለሚጀምር ሰው አሁን የምመክረው በዓመታቱ ቅደም ተከተል እንዳይሄድ ነው። መጀመሪያ የደሚን ፊልም፣ ቀጥሎ «ላ ኖቴ»ን፣ ከዚያ «ዡል ኤ ዢም»ን ይይ፤ ሦስቱንም የተጫወተችው አንዲት ሴት መሆኗን እስኪጠራጠር ድረስ ልዩነቱን ከጠገበ በኋላ ወደ ሉዊ ማል ሌሊት ይመለስና መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ፣ ኋላ ከፍቶ ይመልከተው።