እጅሽን ቁርጥማት አይንካው

ፊቴ ነዷል። ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ስቆም የግራ ጉንጬ ማድያት ጠቁሮ፣ ግንባሬ ደግሞ ተወጥሮ አገኘሁት። ስነካው ይለበልበኛል። ከአራት ኪሎ እስከ ፍል ውሃ ቁልቁለቱን በእግሬ ልውረድ ብዬ የወጣሁት ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር፤ ያለ ጃንጥላ፣ ያለ ነጠላ፣ አናቴን ለፀሐይ ሰጥቼ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር ፀሐይዋ ከቁብ አልገባችኝም። አዲስ አበባ ሰውን የምታታልለው እንዲህ ነው፤ በአንድ እጇ ታበርዳለች፣ በሌላው ትጠብሳለች።

ወሩም ወሩ ነው። መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሲገባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች፤ ጥላችን እግራችን ሥር ገብቶ ይጠፋል። በነሐሴ መጨረሻም እንዲሁ ታደርጋለች፣ ያን ጊዜ ግን ደመናው ይከልለናል። በዚያ ላይ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእኛ በጋ ብርዱንም ፀሐዩንም ድርቀቱንም ባንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ኅዳር ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ታኅሣሥ ተረከዝ፤ መጋቢት ሲደርስ ተራው የፊት ነው። ለማድያቱ የታዘዘልኝ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየሁለት ሰዓቱ መደገም እንዳለበት አውቃለሁ። ጠዋት አንዴ ተቀብቼ ቀኑን ሙሉ የተጠበቅኩ ያህል መዝናናቴ ነው የሚያናድደኝ።

በረንዳው ላይ ካለው እሬት አንድ ወፍራም ቅጠል ቆረጥኩ። ቢጫው ፈሳሽ እስኪንጠባጠብ ድረስ ዘቅዝቄ አቆምኩት፣ እርሱ ቆዳ ያሳክካልና። ከዚያ አጥቤ፣ ልጣጩን ልጬ፣ የጠራውን ዝልግልግ ብቻ ፊቴ ላይ አደረግኩ። ቀዘቀዘኝ። ጎረቤቴ ደጋግማ የምትመክረኝን ሎሚ ግን አልሞክረውም፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ቆዳ ይቃጠላል፣ ጥቁረቱም ለወራት አይለቅም። በቡና የምንወደው ጤና አዳም እንኳ ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ያስቋጥራል። ከምድር የበቀለ ነገር ሁሉ ለገላ ደግ ነው ሲሉ ስሰማ የምደነግጠው ለዚህ ነው።

የእሬቱ ምሬት እንዴት እንደሆነ እንጃ ከንፈሬ ደረሰ። እማዬ ጡት ያስጣለችኝ በእሬት ነው። እኔ አላስታውሰውም፣ እርሷ ግን እስከ ዛሬ ስትነግረኝ ዓይኗ ይሞላል። ጡቷን እሬት ቀብታ ሰጠችኝ፤ ቀመስኩ፣ ፊቴን አጨማደድኩ፣ ቀና ብዬ አየኋት። «እንደ ትልቅ ሰው አየሽኝ» ትላለች።

ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ትከሻዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ነበር፤ የሂሳብ መዝጊያው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም እዚያች ትከሻ ላይ ሄዶ ተከመረ። ዛሬ ፍል ውሃ ደርሼ ገላዬን በሙቅ ውሃ ታጠብኩና ከዚያ ልታሽ ገባሁ። የምታሸኝ ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። መዳፏን በዘይት አሙቃ ስትጀምር ልቤ ራሱ የተፍታታ መሰለኝ።

«ይልቀቁት እንጂ» አለችኝ፣ ክንዴን ከፍ አድርጋ።

«ለቅቄዋለሁ።»

«አለቀቁትም፤ እርስዎ ራስዎ ነው የያዙት።»

ክንዴን ተወችው፤ እውነትም አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቤት የሚያሽዎት ሰው የለም?» አለች። የለም አልኳት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት እርሷ ትከሻዬን ስታሽ እኔ ሌላ ቤት ውስጥ ነበርኩ።

በእኛ ቤት የማይታሽ ሰው አልነበረም። ልጅ ሲወለድ እማዬ በለጋ ቅቤ ታሸዋለች፤ የማለዳ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ስትወድቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ እግሩን እያፍታታች፣ አፍንጫው ሰልካካ እንዲሆን በሁለት ጣቷ ወደ ታች እየሳበች። እኔንም፣ ታናናሾቼንም፣ የአክስቶቼንም ልጆች። ማታ ደግሞ አያቴ ምንጣፍ ላይ በደረቷ ትተኛና «ኑ፣ ጀርባዬን ርገጡልኝ» ትላለች። ከሁላችን ቀለል የምል እኔ ስለነበርኩ ግድግዳውን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ አጥንቷ ከእግሬ በታች ቀጭ ሲል እደነግጣለሁ፣ እርሷ «እሰይ!» ትላለች። አባዬ ከሥራ ሲገባ እግሩን በሙቅ ውሃና በጨው እናጥባለን፣ ጉልበቱን ስመን እንነሳለን። ይህ ሁሉ ምንም ስም አልነበረውም። ሕክምና ነው፣ ውበት ነው፣ ዕረፍት ነው ያለ የለም፤ ማታ ስለሆነ ብቻ የሚደረግ ነገር ነበር።

የእማዬ እጅ ግን ከሰፈሩ ሁሉ የተለየ ነበር። ወገቧን ይዛ የገባች ጎረቤት ቀና ብላ ትወጣለች። ቅቤውን ከአደስ ጋር አሽታ፣ ከእሳቱ ዳር አለስልሳ፣ ከጅማቱ ጋር የምታወራ ይመስል ዓይኗን ጨፍና ነው የምታሸው። ሴቶቹ ሲነሱ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።» በልጅነቴ ይህን ምርቃት ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም።

ነካው። አራት ዓመት ሆነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉላትም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ጥቂት ስትቆይ ነው የሚፍታቱላት። ጀበናውን በሁለት እጇ አቅፋ ነው የምትቀዳው።

ካዛንቺስ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቶቿ ጋር ፎጣቸውን በዘንቢል ይዘው ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። አንዳንዴ አብሬ እሄድ ነበርና የምትወጣበትን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጉንጯ ቀልቶ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አጣፍታ፣ ገና እርጥብ የሆነ ክንዷን ቅባት እየቀባች። «ሙቅ ውሃ ወዙን ይወስድብሻል፣ ሳይደርቅ መልሺለት» ትለኝ ነበር። ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች የሚሉትም ይህንኑ ነው፦ ገላ ሳይደርቅ ቅባት። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ያለችው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፣ ከቤቷ እስከ ፍል ውሃ ሁለት ታክሲ ነው። ወደዚያ መሄድ ትታዋለች።

ዛሬ ከመታጠቢያው ስወጣ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በዚህ ውሃ ምክንያት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው ወርደው፣ ቦታውን ወድደው፣ ቤት ያሠሩት የደከመ ገላ እዚህ ስለሚያርፍ ነው፤ አዲስ አበባም አሏት። በከተማዋ ካደጉት ሰዎች ሁሉ ያቺን ሙቅ ውሃ ከእናቴ ጣቶች በላይ ማን ይፈልጋታል? እኔ ግን ዛሬ ብቻዬን መጥቼ፣ ከፍዬ፣ ታሽቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ እንኳ አልደወልኩላትም።

ባለፈው ወር ሞክሬ ነበር። ጾም ስለሆነ ቅቤ አትነካም፤ የሰሊጥ ዘይት ይዤላት ሄድኩ። ሐኪሙ ያበጠውን አንጓ እንዳንጫን ነግሮናል፣ ስለዚህ በቀስታ፣ ከጣቷ ጫፍ ወደ አንጓዋ እያልኩ ጀመርኩ። እጇ ከበፊቱ ቀልሏል። ቆዳዋ ከመስሳቱ የተነሳ ዘይቱን ወዲያው ጠጣው። ስለ ልጆቹ እያወራኋት፣ ስለ ውሃ መጥፋቱ እያወራችኝ፣ ጥቂት ቆየንና ቁልቁል ሳይ እጄ ከታች ነው ያለው። መቼ እንዳዞረችው አላውቅም። በዚያ በማይታጠፍ ጣቷ መዳፌን ይዛ፣ አውራ ጣቴን ሥር ሥሩን እያሸችልኝ ነበር።

«የደረቀውስ ያንቺ እጅ ነው» አለችኝ።

አልተከራከርኳትም። እጄንም አልሳብኩም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ደስታ አላስተኛኝም። አሟት ይሆን እጇን ያዞረችው? ወይስ ስልሳ ምናምን ዓመት የሰጠ እጅ መቀበሉን ከየት ይማረው? እነዚያ ሁሉ ሴቶች እየመረቁ ወጡ እንጂ አንዷ እንኳ «ተኚ፣ ዛሬ እኔ ላሽሽ» ስትላት አላየሁም። እኔም አላልኳትም። ጀርባ መርገጥ የምችል ልጅ ነበርኩኮ።

እሬቱ ፊቴ ላይ ደርቋል፤ ልታጠብ ነው። ነገ እሁድ ነው፣ የሰሊጥ ዘይቱም እዚህ አጠገቤ አለ፤ በሁለት ታክሲ እሄዳለሁ። እጇን እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ፣ አትከለክለኝም። ግን እጄ ውስጥ ዝም ብሎ እንዲቆይ ምን ልበላት?